ጆሮ የሚሸፍን ሄድፎን በአዳማ ሙቀትና ነፋስ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

አዳማ ውስጥ ሄድፎን አንገቱ ላይ ጣል አድርጎ የሚሄድ ወጣት ማየት ብርቅ አይደለም። ግማሹ “ያልበኛል፣ ጆሮዬን ያመኛል” ይላል። ግማሹ “ድምፁ አልተመቸኝም” ይላል። ብዙ ጊዜ ሁለቱ ቅሬታዎች ከአንድ ቦታ ነው የሚነሱት፤ ሄድፎኑ ራስ ላይ በትክክል አልተቀመጠም። ከታች ያሉት ሱቅ ውስጥ፣ ግቢ ውስጥና አውቶቡስ ላይ ደጋግመው የሚያጋጥሙኝ ጥያቄዎች ናቸው። የማወራው ጆሮን ሙሉ በሙሉ ሸፍኖ፣ ታጥፎም ሆነ ሳይታጠፍ ቦርሳ ውስጥ ስለሚገባው ዓይነት ብቻ ነው።

ጆሮ ላይ ከሚያርፈው ትንሹ ዓይነት በምን ይለያል?

ስፖንጁ በሚያርፍበት ቦታ። ትንሹ ጆሮን ራሱን ይጫነዋል። ትልቁ ጆሮን ዙሪያውን አቅፎ ራስ ቅል ላይ ያርፋል። የአዋቂ ሰው ጆሮ ቁመቱ ባብዛኛው ከ6 እስከ 7 ሴንቲ ሜትር ስለሆነ የስፖንጁ ቀዳዳ ከዚያ መስፋት አለበት። ጥልቀቱንም እዩ። ጆሯችሁ ከውስጥ ያለውን ጨርቅ የሚነካ ከሆነ መጀመሪያ ማሳከክ፣ ቀጥሎ ማመም ይመጣል። ሱቅ ውስጥ ለሁለት ደቂቃ ስንሞክር ይሄ አይታወቀንም። “ጆሮ ይሸፍናል” ተብሎ የሚሸጠው ሁሉም በእርግጥ አይሸፍንም፤ በተለይ ርካሾቹ መሀል ቤት የቀሩ ብዙ ናቸው።

ድምፁ ቤዝ የለውም። ፌክ ሸጡልኝ ማለት ነው?

ሊሆን ይችላል። ግን ከመፍረዳችሁ በፊት ይህን ሞክሩ። ከበሮው ጎላ ያለ ዘፈን ክፈቱ። ሄድፎኑን እንደ ወትሮው አድርጉት። ከዚያ ሁለቱን መሸፈኛዎች በመዳፋችሁ ቀስ ብላችሁ ወደ ራሳችሁ ተጫኑ። ከበሮው ድንገት ወፍሮ ከመጣ ስፒከሩ ደህና ነው፤ ያልገጠመው ስፖንጁ ነው። ምንም ካልተለወጠ ግን ቤዙ ድሮም አልነበረም። ያኔ ሻጩን ብትወቅሱ አይፈረድባችሁም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ወፍራሙ ድምፅ በደንብ የሚሰማው በስፖንጁና በጆሮ መካከል ያለው አየር ታፍኖ ሲቆይ ነው። ክዳኑ ያልገጠመ ድስት እንፋሎቱን እንደማይዝ ሁሉ፣ ትንሽ ክፍተት ስትፈጠር መጀመሪያ የሚያመልጠው ቤዙ ነው። ቀጭኑ ድምፅ ይቀራል። የቆርቆሮ ድምፅ የሚመስለው ለዚህ ነው።

ክፍተቱ ብዙ ጊዜ የሚገኘው ከጆሮ በታች ወደ ኋላ ገባ ብሎ፣ መንጋጋ ከአንገት ጋር የሚገናኝበት ጎድጓዳ ቦታ ላይ ነው። የሌባ ጣታችሁን በስፖንጁ ጠርዝ ዙሪያ አዙሩት። ጣታችሁ ሳይከብደው ሾልኮ የሚገባበት ቦታ ካለ አገኛችሁት። ራስ ላይ የሚያርፈውን ቅስት አንድ እርከን አርዝሙ። መሸፈኛውን ትንሽ ወደ ፊት ሳብ አድርጉ። እንደገና አዳምጡ። የብዙ ሰው ቀኝና ግራ ጆሮ እኩል ከፍታ ላይ አይደለም፤ ስለዚህ ሁለቱንም ጎን እኩል ማርዘም ግዴታ አይደለም።

“ምቾት ለብቻ፣ የድምፅ ጥራት ለብቻ” የሚለውን የገበያ ወሬ የማልቀበለው በዚህ ምክንያት ነው። የቆረቆረው ሰው ሄድፎኑን ያነሳዋል፣ ወደ ኋላ ይገፋዋል፣ አንዱን ጆሮ ነጻ ያደርጋል። በዚያች ቅጽበት ድምፁም አብሮ ይበላሻል።

መነጽር አደርጋለሁ። ምን ይሻለኛል?

የመነጽሩ ዘንግ ስፖንጁን ከፍ አድርጎ ቀዳዳ ይከፍታል። በዚያ ላይ ከጆሮ በላይ ያለውን ቆዳ ይቆረቁራል። ቀጭን ዘንግ ያለው መነጽርና ለስላሳ፣ ወፈር ያለ ስፖንጅ ያለው ሄድፎን አብረው ይሄዳሉ። ተጭኖ ቀስ ብሎ የሚመለሰው የስፖንጅ ዓይነት ዘንጉን ዙሪያውን ሞልቶ ስለሚይዘው ክፍተቱ ይጠብባል። ስትገዙ መነጽራችሁን አድርጋችሁ ሞክሩ። አንዴ ደግሞ አውልቃችሁ አዳምጡ። ልዩነቱ የሰማይና የምድር ከሆነ ያ ሄድፎን የእናንተ አይደለም።

ሹሩባ ተሠርቻለሁ፣ ወይም ሻሽ አስራለሁ።

ይህን ጥያቄ የውጭ ግምገማዎች ላይ ፈልጋችሁ አታገኙትም። እዚህ ግን የሚጠይቀው ብዙ ነው።

ሹሩባ ሁለት ቦታ ላይ ያስቸግራል። አንደኛው አናት ላይ ነው። ጠንካራ ቅስት የሹሩባውን ጉንጉን ተጭኖ የራስ ቆዳን ያሳምማል። ቅስቱ ሰፊና ከውስጡ ወፍራም ስፖንጅ ያለው ሲሆን ክብደቱ ይከፋፈላል። ሁለተኛው ከጆሮ በላይ ነው፤ ጉንጉኑ እዚያ ካለፈ ስፖንጁ አይገጥምም። ቅስቱን ትንሽ ወደ ፊት ወይም ወደ ኋላ እያደረጋችሁ ጉንጉን ያልበዛበትን መስመር ፈልጉ።

ሻሽና ሂጃብ ላይ ዋናው ነገር እጥፋት ነው። አንድ ስስ የጥጥ ድርብ ቀጭኑን ድምፅ ትንሽ ቢያለዝብ ነው እንጂ ነገር አያበላሽም። ሁለት ሦስት እጥፍ ሲሆን ግን ቤዙ ይሸሻል፤ ኖይዝ ካንስሊንጉም (የውጭ ጫጫታን የሚያጠፋው ሥርዓት) ይደክማል። ጨርቁን ጆሮ ላይ ዘርጋ አድርጋችሁ እጥፋቱን ወደ ኋላ ውሰዱት። ስፒል ከስፖንጁ ስር እንዳይሆን። ትልቅ ጉትቻ ካለ ደግሞ ለጊዜው ማውለቅ ነው። ሌላ ዘዴ የለውም።

በሙቀት ጆሮዬ ያልበኛል። ከመጋቢት እስከ ግንቦትማ አይታሰብም።

እውነት ነው። የአዳማን የበጋ ቀትር ያወቀ አይከራከርም። አየሩን አፍኖ የሚይዝ ነገር ሙቀቱንም አፍኖ ይይዛል። ቤዝ የሚሰጣችሁና የሚያልባችሁ ነገር አንድ ነው። ስለዚህ ሙሉ መፍትሔ አትጠብቁ፤ መሀል መንገድ ነው የምንፈልገው።

የአብዛኞቹ ሄድፎኖች ስፖንጅ የተሸፈነው በሰው ሠራሽ ቆዳ ነው። በደንብ ይገጥማል፣ ለማጽዳትም ይቀላል፣ ግን ያልባል። የጨርቅ ወይም የከፋይ ሽፋን ያለው ይተነፍሳል። ቤየርዳይናሚክ የተባለው ኩባንያ የሚሠራው ዲቲ 770 ፕሮ በዚህ ይታወቃል፤ በከፋይ መሰል ጨርቁ ረጅም ሰዓት የሚሠሩ የስቱዲዮ ሰዎች ይወዱታል። ጨርቅ በበኩሉ ትንሽ ድምፅ ያስመልጣል፣ የአዳማንም አቧራ እንደ ጉድ ይሰበስባል። በየሳምንቱ ካላራገፋችሁት ቀለሙ ይለወጣል።

ርካሹ መንገድ ልብስ ሰፊ ጋ መሄድ ነው። ስስ፣ አሮጌ የጥጥ ቲሸርት ይዛችሁ ሂዱ። ከስፖንጁ ዙሪያ ትንሽ የሚሰፋ ክብ ይቁረጥላችሁ፣ ዳሩ ላይ ላስቲክ ያስገባ፣ መሀሉ ክፍት ይሁን። እንደ ኮፍያ ስፖንጁ ላይ ትስባላችሁ። ላቡን ጨርቁ ይጠጣል፤ ማታ በሳሙና አጥባችሁ ታሰጣላችሁ። ላስቲኩ ወፍራም ከሆነ ስፖንጁ እንዳይገጥም ስለሚያደርግ ቀጭኑን ምረጡ። ሁለት ጥንድ አሠርታችሁ ብትቀያይሩ ደግሞ የተሻለ ነው።

አናቴን ያመኛል፣ ጎኔንም ይጨምቀኛል። ይለመዳል?

ጎን መጨመቁ ይለመዳል፤ አናት ማመሙ አይለመድም።

አዲስ ሄድፎን ጠበቅ ብሎ ነው የሚመጣው። ቅስቱ ብረት ከሆነ፣ ከራሳችሁ ስፋት ጥቂት የሚበልጥ ካርቶን ላይ አሳድሩት፤ ትንሽ ይለቃል። ሙሉ ፕላስቲክ ከሆነ ግን አትሞክሩት፣ ይሰነጠቃል። ከመጠን በላይ ከላላም ተመልሶ ቤዙ ይጠፋል።

የአናት ሕመም የክብደት ጉዳይ ነው። የሶኒ ደብልዩኤች-ሲኤች720ኤን 192 ግራም ነው። የዚያው ኩባንያ 1000ኤክስኤም4 254 ግራም ይመዝናል። የአፕል ኤርፖድስ ማክስ የመጀመሪያው ሞዴል 385 ግራም ይደርሳል፤ ለዚህም ነው አፕል አናቱ ላይ የመረብ ጨርቅ የዘረጋለት። እኔ ለረጅም ጊዜ ማዳመጥ ለሚፈልግ ሰው ከ260 ግራም በላይ ያለውን ደፍሬ አልመክርም። ውበቱን አይታችሁ ከባዱን ከገዛችሁ ደግሞ በየግማሽ ሰዓቱ ቅስቱን ትንሽ ወደ ፊትና ወደ ኋላ አንቀሳቅሱ፤ አንድ ነጥብ ብቻ እንዳይጫን።

በየቀኑ አዲስ አበባ እመላለሳለሁ። ኖይዝ ካንስሊንግ ያስፈልገኛል?

ለእንደናንተ ዓይነቱ ሰው ነው የተሠራው። ሐሳቡም ከጉዞ የተወለደ ነው። የቦዝ ኩባንያ መሥራች አማር ቦዝ እ.ኤ.አ. በ1978 ከአውሮፓ ወደ አሜሪካ ሲበር አውሮፕላኑ ላይ የተሰጠውን ሄድፎን አደረገ፤ ሙዚቃው በሞተሩ ድምፅ ተዋጠበት። እዚያው ወንበሩ ላይ ሆኖ ስሌቱን ጀመረ። ለአብራሪዎች የሚሆነው በ1989፣ ለተራው ሰው የሚሆነው ደግሞ በ2000 ገበያ ላይ ዋለ።

አሠራሩ ቀላል ነው። ሄድፎኑ ላይ ያለ ማይክ የውጩን ድምፅ ይሰማል። መሣሪያው የዚያን ድምፅ ግልባጭ ሞገድ ይሠራና ወደ ጆሯችሁ ይልካል። ሁለቱ ሲገናኙ ይጠፋፋሉ። ይሄ በደንብ የሚሳካው ዝቅ ላለና ለማያቋርጥ ድምፅ ነው፦ የአውቶቡስ ሞተር፣ የጎማ ድምፅ፣ ጄኔሬተር፣ ቬንትሌተር። ወደ 85 ኪሎ ሜትር የሚሆነው የፈጣን መንገዱ ጉዞ ከጫፍ እስከ ጫፍ እንዲህ ያለ ጉምጉምታ ነው። የሰው ንግግር፣ ጥሩምባና የሕፃን ለቅሶ ግን በከፊል ብቻ ይቀንሳል። ረዳቱ “ሂሳብ!” ሲል ይሰማችኋል። አትስጉ፣ ወይም አትጓጉ።

ትልቁ ጥቅሙ ዝምታው ራሱ አይደለም። ከሞተሩ ጋር ለመፎካከር ድምፅ መጨመር አያስፈልጋችሁም። በቴሌግራም የምታዩት ርካሽ ሄድፎን ላይ “ኖይዝ ካንስሊንግ” ተብሎ ስለተጻፈ ብቻ ግን አትመኑ። አንዳንዱ ለጥሪ ማይክ የሚሆነውን ማጣሪያ ነው በዚያ ስም የሚጠራው።

አንዳንድ ሰው ሲያበራው ጆሮው የተደፈነ ይመስለዋል፤ ራሱን የሚያዞረውም አለ። ደረጃው የሚቀነስ ከሆነ ቀንሱት። ካልሆነ ሳታበሩ ተጠቀሙ፤ በደንብ የገጠመ ስፖንጅ ብቻውን ቀጫጭኑን ጫጫታ ይከለክላል።

ውጭ ስሄድ ኖይዝ ካንስሊንጉ “ሹሹሹ” ይላል። ተበላሸ?

አልተበላሸም። አዳማ ናችሁ።

ከተማችን ዳር ያሉት የነፋስ ተርባይኖች በሁለት ምዕራፍ 51 እና 153 ሜጋ ዋት እንዲያመነጩ የተተከሉት ነፋሱ ቀልድ ስላልሆነ ነው። ያው ነፋስ መሸፈኛው ላይ ያሉትን የማይክ ቀዳዳዎች ሲመታ አየሩ ይናወጣል። ማይኩ ያንን እንደ ድምፅ ይቆጥረዋል፤ መሣሪያው ሊያጠፋው ሲሞክር ጭራሽ ጆሯችሁ ውስጥ ያንጎደጉደዋል። አንዳንድ ሞዴሎች የነፋስ መቀነሻ አላቸው፤ ሲበራ የውጭ ማይኮቹን ይዘጋል ወይም ያለዝባል። በስልክ መተግበሪያው ውስጥ ፈልጉት። ከሌለ ኖይዝ ካንስሊንጉን አጥፉት። ለነገሩ ባጃጅ በግራና በቀኝ በሚሹለከለክበት መንገድ ላይ ጆሮን መድፈን ራሱ ጤነኛ ሐሳብ አይደለም።

ሱቅ ውስጥ እንዴት ልሞክር?

የራሳችሁን ስልክ፣ የራሳችሁን ዘፈን ይዛችሁ ሂዱ። ሻጩ የሚያሰማችሁ ዘፈን ሄድፎኑን የሚያሳምር ተመርጦ የተቀመጠ ነው።

ኖይዝ ካንስሊንግን ለመፈተን ሱቁ ውስጥ የሚሽከረከረው ቬንትሌተር ይበቃል። በሙቀት ወራት እዚህ ከተማ ቬንትሌተር የሌለው ሱቅ ማግኘት ከባድ ነው። ሙዚቃ ሳትከፍቱ አጠገቡ ቁሙ። አብሩት፣ አጥፉት፣ እንደገና አብሩት። የቬንትሌተሩ ጉምጉምታ በግልጽ ካልቀነሰ ቁልፉ ጌጥ ነው።

ለድምፁ ደግሞ እኔ በአገር ውስጥ መሣሪያዎች ነው የምፈትነው። በገና ክፈቱ። አሥሩ አውታሮች ከብርኩማው ጋር በሚገናኙበት ቦታ ትንንሽ ቆዳ አለ፤ እንዝራ ይባላል። የበገናን “ዝዝዝ” የሚያመጣው እሱ ነው። ጥሩ ሄድፎን ላይ ወፍራሙ ምትና ነዘር የሚለው ድምፅ ተለያይተው ይሰማሉ። መጥፎው ላይ ሁለቱ ተቀላቅለው ጭቃ ይሆናሉ። ቀጥሎ መሰንቆ። የፈረስ ጭራው አውታሩን ሲፈገፍግ የሚሰማው ሻካራነት ጆሮ ሳይወጋ መምጣት አለበት። በመጨረሻ የሴት ድምፃዊ። “ስ” እና “ሽ” የሚሉት ፊደላት ከሌላው ቃል በልጠው እንደ ፉጨት ከወጡ ከአንድ ሰዓት ማዳመጥ በኋላ ይሰለቻችኋል። ከበሮ የመጨረሻ ቢሆን ይመረጣል፤ ቤዝ መጀመሪያ ከሰማን ሌላው ሁሉ አሪፍ ይመስለናል።

ሻጩ ከታገሣችሁ ቢያንስ ሃያ ደቂቃ አድርጉት። ቁጭ ብላችሁ ስለ ዋጋ ስትከራከሩም አታውልቁት።

ፌክ መሆኑን በምን አውቃለሁ?

የታወቁት ኩባንያዎች ብዙዎቹ የራሳቸው የስልክ መተግበሪያ አላቸው። አውርዱትና አገናኙት። መተግበሪያው ሄድፎኑን በሞዴል ስሙ ካላወቀው ነገሩ አብቅቷል። ክብደቱንም በትንሽ የኩሽና ሚዛን መዝኑና ከኩባንያው ድረ ገጽ ጋር አስተያዩ። ኮፒዎች ብዙ ጊዜ ይቀላሉ። “የዱባይ ኦሪጅናል” የሚባል ነገር የለም፤ ኦሪጅናል ነው ወይም አይደለም።

ሳጥኑ ላይ ያሉት ቁጥሮች ምን ይነግሩኛል?

ትንሽ ብቻ። ጤነኛ የወጣት ጆሮ በግምት ከ20 ኸርዝ እስከ 20,000 ኸርዝ ይሰማል። ሳጥኑ ላይ “እስከ 40,000” ቢል የሌሊት ወፍ ካልሆናችሁ አይመለከታችሁም። የስፒከሩ ስፋትም እንደዚያው ነው። የሶኒ ኤክስኤም4 ስፒከር 40 ሚሊ ሜትር ነው፤ ተከታዩ ኤክስኤም5 በ30 ሚሊ ሜትር መጣ፤ ማንም ወደ ኋላ ሄደ አላለም። “50 ሚሊ ሜትር! ኃይለኛ ቤዝ!” የሚለውን ማስታወቂያ እለፉት።

ባለ ገመድ ከገዛችሁ ግን አንድ ቁጥር ልብ በሉ፦ ኦም፣ ማለትም ሄድፎኑ ለኤሌክትሪክ ያለው መቋቋም። ለስልክና ለላፕቶፕ 32 ኦም አካባቢ ይመረጣል። ዲቲ 770 ፕሮ በ32፣ በ80 እና በ250 ኦም ይሸጣል። 250ውን ስልክ ላይ ብትሰኩት ድምፁ ትንሽና የደከመ ነው የሚሆነው፤ ማጉያ ይፈልጋል። መልኩ ያው ስለሆነ ሳይጠይቁ የሚገዙ አሉ።

ብሉቱዝ ወይስ ገመድ?

በድምፅ ብቻ ከሆነ በተመሳሳይ ዋጋ ባለ ገመዱ ይሻላል። ለባትሪ፣ ለብሉቱዝና ለማይክ የሚወጣው ገንዘብ እዚያ ለስፒከሩና ለስፖንጁ ይቀራል። ቻርጅም አይጠይቅም፤ መብራት ሲሄድ ያን ጊዜ ያምርባችኋል። ኪቦርድ ለሚለማመድ፣ ለሚቀዳ ወይም ቪዲዮ ለሚያቀናብር ሰው ደግሞ ገመድ ግዴታ ነው። ብሉቱዝ ድምፁን ያዘገየዋል፤ ቁልፉን ከነካችሁ በኋላ ነው የሚሰማችሁ።

ለመንገድ ግን ብሉቱዝ። ሚኒባስ ውስጥ ገመድ በሰው ክርን የሚጠለፍበት ጊዜ ብዙ ነው። ሁለቱንም የሚያስተናግድ፣ ማለትም ብሉቱዝ ሆኖ የገመድ መሰኪያ ያለው ብትመርጡ አትቆጩም።

ኤልዳክ ያለው ልግዛ?

ብሉቱዝ ድምፅን አጭቆ ነው የሚልከው። ሁሉም ሄድፎን ኤስቢሲ የሚባለውን መንገድ ያውቃል። አይፎን ኤኤሲን ይጠቀማል። ሶኒ የፈጠረው ኤልዳክ በሰከንድ እስከ 990 ኪሎ ቢት ያሳልፋል፤ ከአንድሮይድ 8 ጀምሮ ብዙ ስልኮች ላይ አለ። ጥሩ ነገር ነው።

ችግሩ ዘፈኑ ነው። ቴሌግራም ላይ ከሰው ወደ ሰው ሲንከባለል የመጣ፣ በ128 ኪሎ ቢት የተጨመቀ ኤምፒ3 ካላችሁ የጎደለውን ኤልዳክ አይመልሰውም። ከካሴት የተገለበጡ የድሮ ዘፈኖች ላይ ደግሞ ግልጽ የሆነ ሄድፎን የካሴቱን “ሽሽሽ” ጭምር ነው የሚያሰማችሁ። አንዳንዱ ሰው ይሄንን “ሄድፎኑ ይጮሃል” ይለዋል። ካሴቱ ነው የሚጮኸው። መጀመሪያ የተሻለ ቅጂ ፈልጉ፣ ከዚያ ስለ ኤልዳክ እናወራለን።

ጥሪ ላይ ወይም ኦንላይን ክፍል ስገባ ድምፁ ድንገት ይበላሻል።

ብሉቱዝ ማይኩ ሲከፈት ሄድፎኑ ከሙዚቃ መስመር ወጥቶ ወደ ስልክ ጥሪ መስመር ይገባል። ያኛው ጠባብ ነው፤ ድምፁም በአንድ ቻናል ብቻ ይመጣል። ላፕቶፕ ላይ መፍትሔው የኮምፒውተሩን የራሱን ማይክ መምረጥና ሄድፎኑን ለማዳመጥ ብቻ መተው ነው። የአዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ይህን ከነገርኳቸው በኋላ “ጌም ላይም ያው ነው እንዴ?” ይላሉ። ያው ነው።

ውዱ ይሻላል ማለት ነው?

በሚገርም ሁኔታ፣ በድምፅ ብቻ አይደለም። ዬሩን ብሬባርት የተባለ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2017 የ283 ሄድፎኖችን ልኬት ከዋጋቸው ጋር አነጻጽሮ ነበር። በዋጋውና በድምፁ ሚዛን መካከል የሚጨበጥ ግንኙነት አላገኘም። ገንዘብ በእርግጥ የሚገዛው የተሻለ ኖይዝ ካንስሊንግ፣ የተሻለ ስፖንጅ፣ የማይሰበር ማጠፊያና መለዋወጫ ነው። እነዚህ ደግሞ ቀላል አይደሉም።

ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ የብር ምንዛሪ በገበያ መወሰን ከጀመረ በኋላ የኤሌክትሮኒክስ ዋጋ ተረጋግቶ አያውቅም፤ ስለዚህ እዚህ ቁጥር ብጽፍ ነገ ውሸት ይሆናል። የኔ ምርጫ መካከለኛውን ገዝቶ የተረፈውን ለትርፍ ስፖንጅ ማስቀመጥ ነው። ድምፁ ትንሽ ካልተመቻችሁ በስልኩ ኢኳላይዘር (ቤዙንና ቀጭኑን ለየብቻ በሚያስተካክለው) ይስተካከላል። ከፍ ከማድረግ ዝቅ ማድረግ ይሻላል፤ ቤዝ ፈልጋችሁ ቀጭኑን ብትቀንሱ ድምፁ አይሰነጠቅም። ራስ የሚያሳምምን ቅስት ግን የሚያስተካክል ኢኳላይዘር የለም።

ስፖንጁ ተላጠ። ሄድፎኑን ልጣለው?

ኧረ! የሚላጠው ላይኛው ሰው ሠራሽ ቆዳ ነው። ላብ፣ እርጥበትና ሙቀት ቀስ በቀስ ያፈራርሱታል፤ ብዙ በተጠቀማችሁት ቁጥር ቶሎ ይመጣል። ጥቁር ቅንጥብጣቢው አንገትና ጆሮ ላይ ይለጠፋል። ድምፁም አብሮ ይቀየራል፣ ምክንያቱም የተጎሳቆለ ስፖንጅ አይገጥምም።

በሞዴሉ ስም ተኪ ስፖንጅ ይገኛል። ስታዙ ሙሉ የሞዴል ቁጥሩን ስጡ፤ የሶኒ ኤክስኤም3 እና ኤክስኤም4 ይመሳሰላሉ እንጂ ስፖንጃቸው አንድ አይደለም። ውፍረቱም ከድሮው ጋር እኩል ይሁን። ወፍራሙን ከገዛችሁ ስፒከሩ ከጆሯችሁ ይርቅና ድምፁ ሌላ ይሆናል። ዕድሜው እንዲረዝም በትንሹ ርጥብ ጨርቅ ጥረጉት፣ በጥላ አድርቁት። አልኮል አታስነኩት፤ ቆዳውን ያደርቀዋል። ላብ እንዳለበት ማስቀመጫ ቦርሳው ውስጥ ከዘጋችሁበትማ በገዛ እጃችሁ ነው የጨረሳችሁት።

ምን ያህል ጮክ ባደርገው ነው ጆሮዬን የማይጎዳው?

የዓለም ጤና ድርጅትና ዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2019 ያወጡት ደረጃ ለአዋቂ በ80 ዴሲቤል (የድምፅ ጩኸት መለኪያ ነው) በሳምንት 40 ሰዓት ይላል። ለልጆች 75 ዴሲቤል ነው። 3 ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር የሚፈቀደው ጊዜ በግማሽ ይቀንሳል። 83 ላይ 20 ሰዓት፣ 86 ላይ 10 ሰዓት፣ 89 ላይ 5 ሰዓት ብቻ ይቀራል። 3 ዴሲቤል ደግሞ ስልኩ ላይ ሁለት ነካ ማድረግ ሊሆን ይችላል።

አይፎን ላይ የጆሮ ማዳመጫ ድምፅ መለኪያና መገደቢያ አለ፤ ብዙ የሳምሰንግ ስልኮችም ድምፁን መገደብ ያስችላሉ። ለልጅ ስትሰጡ መጀመሪያ እሱን አስተካክሉ። ሾፌሩ የራሱን ዘፈን በከፈተበት ሚኒባስ ውስጥ በላዩ ላይ ለመጮህ አትሞክሩ። በሁለት ዘፈን ውጊያ ተሸናፊው ጆሯችሁ ነው። ሌሊት ጆሮ “ጭው” የሚል ከሆነ ቀን ያደረጋችሁት በዝቷል፤ ከቆየ ወደ ሐኪም ሂዱ። ሳይቃጠል በቅጠል።

ጀርባው ክፍት የሆነ ሄድፎን ያልብ ይሆን?

መሸፈኛው ከውጭ በኩል አየር የሚያሳልፍ ዓይነት ስለሆነ በጣም ያነሰ ያልባል። ዘንሃይዘር የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1968 ኤችዲ 414ን ካወጣ ጀምሮ ዓይነቱ የታወቀ ነው። ድምፁም ሰፋ ይላል። ግን እናንተ የምትሰሙትን አጠገባችሁ ያለው ሰው ይሰማዋል፤ የሱንም ወሬ እናንተ ትሰሙታላችሁ። ለቤት ነው፣ ለመንገድ አይደለም።

መኪና ውስጥ ፀሐይ ላይ ትቼው ብሄድስ?

አትተዉት። ብሉቱዝ ከሆነ ውስጡ የሊቲየም ባትሪ አለ፤ ባትሪ የሚፈራው ሙቀትን ነው። መስታወቱ ተዘግቶ ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ዳሽቦርድ አምራቾች ከሚፈቅዱት የ45 ዲግሪ ጣሪያ በቀላሉ ያልፋል። ባትሪው አቅሙን ለዘለቄታው ያጣል፣ የስፖንጁ ሙጫም ይለቃል። ከመኪና ስትወርዱ ይዛችሁት ውረዱ። ለብዙ ሳምንት የማትጠቀሙበት ከሆነ ግማሽ ያህል ቻርጅ አድርጋችሁ ቀዝቀዝ ያለ መሳቢያ ውስጥ አስቀምጡት።